ፊት እና ድምፅ፦ ደበበ እሸቱ፣ ወጋየሁ ንጋቱ እና ሁለገቡ ኢትዮጵያዊ ተዋናይ

(በደብረ ማርቆስ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



ለዛሬው ገለጻ የተሰጠኝ ርእስ የአንድን ሁለገብ የፊልም ተዋናይ ሕይወትና ሥራ እንዳቀርብ የሚጠይቅ ነው። ይህ ርእስ በሌላ አገር ለሚገኝ የታሪክ ባለሙያ ቢሰጥ መንገዱ የተጠረገ ነው። የጃፓኑን ቶሺሮ ሚፉኔን የሚያጠና ሰው፣ ተዋናዩ ከአኪራ ኩሮሳዋ ጋር ብቻ የሠራቸውን 16 ፊልሞች በተርታ አስቀምጦ፣ በ«ራሾሞን» ያየነው ሽፍታ በ«ቀይ ጢም» እንዴት አስታማሚ ሐኪም ሆኖ እንደ ተገኘ ከትዕይንት ትዕይንት እያነጻጸረ ሊጽፍ ይችላል። ማስረጃው በእጁ ነው። ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ሲፈልግ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

እኛ የምናጠናው ተዋናይ ግን እንዲህ አይገኝም። ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል በሙያው ቆይቶ፣ በፊልም የቀረለት ሥራ በጣት ይቆጠራል። በመድረክ የሠራው ደግሞ መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ አብሮ ተዘግቷል። ስለዚህ በአንድ ሰው ፈንታ ሁለት የአንድ ዘመን ሰዎችን ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ደበበ እሸቱ ነው፤ ፊቱ ሌሎች በሠሯቸው ፊልሞች ላይ ቀርቶልናል። ሁለተኛው ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ድምፁ ቀርቶልናል። ከሁለቱ ሥራ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ በእኛ አገር የተዋናይ ሁለገብነት የተሰጥዖ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የኑሮና የሥራ ግዴታ ነበር፤ ከዚያ ሁለገብነት ውስጥ የትኛው ክፍል ለታሪክ እንደሚተርፍ የወሰነው ደግሞ የሥራው ደረጃ ሳይሆን የተሠራበት መሣሪያ ነው።

አንድ ነገር በቅድሚያ ልበል። ሁለቱንም «አንተ» እያልሁ እጠራለሁ። ይህ ንቀት እንዳይመስልባችሁ። ሕዝባችን የሚወደውን ተዋናይና ዘፋኝ አንቱ ብሎ አያርቀውም።

መነሻው ከዚህ ከኛው አካባቢ ቢሆን አግባብ ይመስለኛል። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት በሩሲያ ተምረው የተመለሱት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተረት ነው፤ የባለ ሥልጣናትን ሙስና በእንስሳት አፍ ስለ ተናገረ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ከእርሳቸው በኋላ ቴአትሩን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ከዚህ ብዙ በማይርቀው በደብረ ኤልያስ የተወለዱትና ቅኔ የተማሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የእርሳቸው ተዋንያን ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ባለሙያዎች አልነበሩም፤ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። የሴቶቹን ገጸ ባሕርያትም የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። የቅኔ ተማሪ በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ እንደሚዘርፍ ሁሉ፣ እነዚያም ልጆች ቃለ ተውኔቱን አጥንተው፣ ዜማውን አዚመው፣ ሽብሸባውን ሸብሽበው ነው መድረክ ላይ የሚወጡት። «ተዋናይ» የሚባል ለብቻው የቆመ ሥራ ገና አልተፈጠረም። ዘፈን፣ ንግግር፣ ቅኔና እንቅስቃሴ አንድ ነበሩ።

ይህ ልማድ የሙያ ቴአትር ቤቶች ከቆሙም በኋላ አልተለወጠም። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለአርበኝነት ለመቀስቀስ ሲቋቋም ንግግሩና መዝሙሩ ተለይተው አያውቁም ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈትም የሚቀጠረው ሰው ብዙ እንዲችል ይጠበቅበት ነበር። አስናቀች ወርቁን አስታውሱ፤ ተዋናይ፣ የክራር ደርዳሪ፣ ዘፋኝ። ዛሬ ስለ እርስዋ ስንጽፍ «ሁለገብ» የሚለውን ቃል ለማድነቅ እንጠቀምበታለን። በዚያን ዘመን ግን ክራር የማይደረድር፣ የማይዘፍን፣ እስክስታ የማያውቅ ተዋናይ ወር እስከ ወር የሚያሠራው ሥራ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በዚያ ላይ የአዝማሪነት ስም ነበረ። ልጁ መድረክ ላይ ወጣ የሚል ወሬ የደረሰው የገጠር አባት ምን ይሰማው እንደ ነበር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለን ጎጃሜዎች መግለጽ አያስፈልገኝም።

ደበበና ወጋየሁ የመጡት ከዚህ ቀጥሎ ነው። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተከፈተ። ተስፋዬ ገሠሠ ከአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መጣ። ሁለቱ ወጣቶች ደግሞ ሃንጋሪ ሄደው ትወናን ተማሩ። ይህ ትውልድ በአገራችን ተዋናይነትን በትምህርት የሚደረስበት ሙያ አድርጎ የተቀበለ የመጀመሪያው ትውልድ ነው ማለት ይቻላል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን በአማርኛ ሲያቀርቡ፣ እነዚያን ረጃጅምና ጥቅጥቅ ያሉ ስንኞች ትንፋሽ ሳያጥረው የሚሸከም ተዋናይ ያስፈልጋቸው ነበር። የጸጋዬን ቃለ ተውኔት ጮክ ብሎ አንብቦ የሚያውቅ ሁሉ የምለው ይገባዋል፤ ቋንቋው ራሱ ሳንባ ይጠይቃል። የአብዮቱ ዋዜማ ትውልድ ድምፅ የተገራው በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፊልም የት ነበር? የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም፣ የኢላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ተሠራ፤ አዘጋጁ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. መጣ፤ የደም ካሣን ባህል የሚተርክ ፊልም ነው፤ ዛሬ «ጉማ» የተባለው የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ቁጠሩት። ዘጠኝ ዓመት ነው። በሰለጠነ ተዋናይ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ማለት የጉልምስናው ግማሽ ነው። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ በተቃረቡበት ወቅት፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ቀረጻ ሲሠራም የተጠቀመው በአብዛኛው ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች ነው። ያ ምርጫ ለፊልሙ ትክክል ነበር፤ ገበሬውን የሚጫወተው የገበሬ እጅ ያለው ሰው ነው። ለመድረክ ሙያተኞቻችን ግን ያም በር አልተከፈተላቸውም።

የተከፈተላቸው በር የውጭ አገር ሰዎች በር ነው። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ለውጭ ፊልም ሠሪዎች ማራኪ የቀረጻ ቦታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1973 የታየው የሆሊውድ ፊልም «ሻፍት በአፍሪካ» ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ነው። አዘጋጁ ጆን ጊለርሚን ነበር፤ መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ። ታሪኩ አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም አታልለው ወደ አውሮፓ በባርነት የሚያሻግሩ ሰዎችን ስለሚያሳድድ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መርማሪ ነው። በዚህ ፊልም ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ደበበ እሸቱ ነው።

ስለዚህ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኩራት ነው፤ «ሆሊውድ የደረሰ ኢትዮጵያዊ» ይባላል። ኩራቱን አልነቅፍም። ሆኖም የታሪክ ተማሪ ከኩራቱ አጠገብ ሌላ ጥያቄ ማስቀመጥ አለበት። በአማርኛ መድረክ የሼክስፒር ቋንቋ የሚነገርበት ትውልድ አባል የሆነ ሰው፣ በዓለም ሲኒማ የተሰጠው ስፍራ ምን ያህል ነው? አፍሪካ በርእሱ ላይ አለች፤ መልክዓ ምድሯም በስክሪኑ ላይ አለ፤ ዋናውን ነገር የሚያደርገው ግን ከኒውዮርክ የመጣው ሰው ነው። አፍሪካዊው ተዋናይ መንገድ የሚያሳይ፣ የሚያጅብ፣ የሚያስጠነቅቅ፣ የሚጠረጠር ነው። ደበበ ለዚያ ፊልም የሰጠው የሚችለውን አልነበረም፤ የተጠየቀውን ነበር። እነሆ ዛሬ በማንኛውም የዓለም ክፍል ያለ ሰው የወጣትነቱን ፊት ማየት ቢፈልግ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ መድረክ ላይ በዚያው ዘመን የሠራው አንድም ምሽት እንዲህ አልቀረም።

አሁን ወደ ወጋየሁ ልሻገር። እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት እላለሁ፤ ነገሩ ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ቅርብ ስለ ሆነ።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ አለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ፣ የተማረባት ዲማ ጊዮርጊስ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ ሁሉም የእኛው ደጋ ነው። መጽሐፉ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው፤ የሚገዛበት ገንዘብ፣ የሚያነብበት ብርሃን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንበብ የሚችል ሰው በዚያን ጊዜ በጎጃም ገጠር ስንት ነበር? ማንኩሳንና ዲማን የሚተርከው መጽሐፍ ማንኩሳና ዲማ አልገባም ማለት ይቻላል። ያስገባው ሬዲዮ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ወጋየሁ ንጋቱ ነው።

በደርግ ዘመን በገጠር ያደገ ሰው ያንን ሰዓት ያስታውሳል። ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጎረቤት በጊዜ ይመጣል፤ ሕፃናት ዝም ይባላሉ። እኔ ባደግሁበት ቀዬ መጽሐፉን ዐይተውት የማያውቁ አረጋውያን ስለ ጉዱ ካሣ እንደ ዘመድ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዳንዶቹ እብድ ነው ይሉታል፤ አንዳንዶቹ እውነተኛው እርሱ ብቻ ነው ይላሉ። ስለ ልቦለድ ገጸ ባሕርይ እየተከራከሩ መሆናቸውን ግን ማንም አያነሳውም ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ «ድምፁ ያምር ስለ ነበር» የሚለው ብቻ አይደለም። ያማረ ድምፅ ያላቸው ዜና አንባቢዎች ሞልተው ነበር። ወጋየሁ ያደረገውን በሙያ ዐይን ማየት ያስፈልጋል። የሐዲስ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ በቤተ ክህነት ትምህርት የተቃኘ፣ በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት ሐሳብ የሚያግተለትል፣ ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻው የሚያቆይ ነው። በዐይን ሲያነቡት ተመልሶ ማየት ይቻላል። በጆሮ የሚሰማው ሰው መመለሻ የለውም። ስለዚህ አንባቢው ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ከፍሎ፣ የትኛው ሐሳብ ዋና፣ የትኛው ቅጥል እንደ ሆነ በድምፅ ከፍታና በዕረፍት መለየት አለበት። ወጋየሁ ይህን ሲያደርግ ነጠላ ሰረዙ ይሰማል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይህ ከጸጋዬ ቃለ ተውኔት ጋር ታግሎ የተገኘ ጉልበት ነው የሚል ግምት አለኝ።

ሁለተኛው ነገር የገጸ ባሕርያቱ መለያየት ነው። በመድረክ አንድ ተዋናይ አንድ ሰው ይሆናል። በዚህ ንባብ ግን ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣን፣ በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ሆኖ፣ በዚያ ላይ ተራኪውን ሐዲስን መሆን ነበረበት። የሌላውን ድምፅ በማስመሰል ብቻ ይህን መሥራት አይቻልም፤ አስመሳይ በሦስተኛው ሰው ላይ ይደክማል፤ አድማጩም ይስቅበታል። ወጋየሁ የሚለዋውጠው በይበልጥ ፍጥነቱን ነው። የፊታውራሪው ንግግር የሚቋረጥበት ፍርሃት የለበትም፤ ማንም እንደማይመልስለት የሚያውቅ ሰው ንግግር ነው። ጉዱ ካሣ በአንጻሩ ለብቻው መናገር የለመደ ሰው ነው፤ ጥያቄውንም መልሱንም ራሱ ያመጣል፤ ምሬቱ የሚገለጠው በጩኸት ሳይሆን ነገሩን በማዘግየት ነው። ሰብለንና ውድነሽን ሲያነብ ደግሞ ድምፁን አያቀጥንም። ይህን እንደ ታላቅ ብልህነት እቆጥረዋለሁ። በዮፍታሔ ዘመን ቀሚስ ለብሰው ሴት ይሆኑ ከነበሩት ልጆች ጀምሮ የመጣውን የማስመሰል ልማድ ትቶ፣ ሴትነታቸውን ለአድማጩ ምናብ ተወው። አድማጩም ሞላው።

ሦስተኛው፣ ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው፣ ጊዜው ነው። ንባቡ የተላለፈው የመሬት ሥሪቱ ከተሻረ በኋላ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በወረቀት ላይ የተጻፉት ባለ ርስትና ባለ ጉልት በቦታቸው ሳሉ ነበር፤ በድምፅ የተሰሙት ግን እንደ እርሳቸው ያሉት ጌቶች ከሄዱ በኋላ ነው። አበጀ በለው መርቷቸው ገበሬዎቹ በፊታውራሪው ላይ የሚነሱበትን ክፍል ያዳመጠ የጎጃም ገበሬ የሚሰማው ያለፈ ነገር ነው ወይስ አዲስ ግብርና አዲስ ግዴታ እየመጣበት ስለ ሆነ የዛሬ ነገር? መንግሥት ንባቡን ሲያስተላልፍ የፊውዳሉን ሥርዓት ማጋለጫ አድርጎ ቈጥሮት ሊሆን ይችላል። አድማጩ ግን የሚሰማውን በራሱ መንገድ ይሰማል። ሳንሱር ቃላትን ያያል እንጂ በአንድ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ሐዘኔታ ሊሰርዝ አይችልም። ወጋየሁ ፊታውራሪውን ሲያነብ እንኳ የሚያላግጥባቸው አይመስለኝም። ትዕቢታቸውን ሰጥቷቸው፣ ሽማግሌነታቸውንም አልነፈጋቸውም።

በዚያው ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ የጎጃሙን ግሼ ዓባይን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ እርሱ ለብቻው ሌላ ገለጻ ያስፈልጋል። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን የወሰደው መንገድ የቀድሞው መሆኑ ብቻ ነው፤ ዘፋኙ ይተውናል፣ ተዋናዩ ይጨፍራል፣ ሁሉም ለመድረክ ሥራ ይሰለፋል።

ወጋየሁ የደርግ መንግሥት ከመውደቁ በፊት፣ ገና በጎልማሳነቱ አረፈ። የመድረክ ሥራዎቹ ያዩአቸው ሰዎች ሲናገሩ ብቻ የሚታወሱ ሆኑ። የሬዲዮው ንባብ ግን በካሴት ተባዛ፤ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ተሻገረ። ሞቱ ካለፈ በኋላ የተወለዱት ተማሪዎቼ ድምፁን ያውቁታል፤ ፊቱን በፎቶግራፍ ሳሳያቸው ግን ብዙዎቹ አይለዩትም።

የደበበ መንገድ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። በመድረክ፣ በሬዲዮና በሙያ ማኅበራት ሲሠራ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወቅት በቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ፓርቲ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ያዘ። ከምርጫው በኋላ በተነሳው ቀውስ ከፓርቲው መሪዎች ጋር ታሰረ፤ ከተፈታ በኋላም በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዳግመኛ ታስሮ ተፈትቷል። እዚህ የመጣሁት ስለ ፖለቲካው ለመፍረድ አይደለም። ነገር ግን የአንድን ተዋናይ የሥራ ታሪክ ሲጽፉ ይህን እንደ ግርጌ ማስታወሻ ማለፍ አይቻልም። ድምፁ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሰው ያንን ድምፅ ለሌላ ጉዳይ ሲያውለው የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ከዋጋውም አንዱ ያልተሠሩ ሥራዎች ናቸው። ያልተሠራ ሥራ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ኢትዮጵያ ተወልዶ በእስራኤል ያደገው ባዚ ጌቴ «ቀይ ቅጠሎች» የተባለውን የመጀመሪያ ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልሙን ሠራ፤ ለመሪ ተዋናይነትም ደበበን ጠራው። በአማርኛና በዕብራይስጥ የሚነገር ፊልም ነው። መሰጋኒዮ የተባለ፣ ዕድሜው 74 የሆነ አባት፣ ቤተሰቡን ይዞ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገባ 28 ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ትሞታለች። ቤቱን ይሸጥና ቀሪ ዘመኑን በየልጆቹ ቤት እየተዘዋወረ ለመኖር ይነሳል። አንባቢዎች እንደምታውቁት መነሻው «ንጉሥ ሊር» ነው፤ መንግሥቱን ለልጆቹ አካፍሎ በየቤታቸው ሊስተናገድ የወጣው ሽማግሌ ንጉሥ።

ይህን ፊልም ለተማሪዎቼ ሳሳይ ሁልጊዜ የሚገርመኝ የሊር ታሪክ በአማርኛ ምን ያህል እንደ ራሱ ቤት እንደሚሰማው ነው። እንግሊዛዊው አንባቢ ንጉሡ ለምን ልጆቹ ቤት መኖር እንደ ፈለገ ማስረዳት ይፈለግለታል። ለእኛ ግን «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው ቃል ይበቃል። መሰጋኒዮ የሚጠይቀው ልጅ ለወላጁ የሚገባውን ነው፤ ልጆቹም ክፉዎች አይደሉም፤ የሚኖሩት ያ ቃል ትርጉም ባጣበት አገር ነው። ምራቱ በባሏ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ፣ የልጅ ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ሲመልስለት፣ ሽማግሌው የተሰደበ ያህል ይደነግጣል። ሚዛኑን የሳተ የአባት ሥልጣንም አለበት፤ ፊልሙ ንጹሕ ተበዳይ አያደርገውም። ይህን ማየት የቻለው ደበበ የፊታውራሪ መሸሻን ዓለም ከሚያውቅ ትውልድ ስለ መጣ ይመስለኛል። መሰጋኒዮ ግቢ የሌለው ፊታውራሪ ነው።

ደግሞ ትወናውን ተመልከቱ። የመድረክ ሰው እስከ መጨረሻው ረድፍ የሚደርስ ድምፅና ክንድ ይዞ የሰለጠነ ነው። እዚህ ካሜራው ከፊቱ ብዙም አይርቅም፤ ገጸ ባሕርዩም ጥቂት ነው የሚናገረው። ደበበ ዕድሜ ልኩን የተማረውን ለማሳየት የነበረውን ፈተና አሸንፎ ዝም አለ። ቁጣው አገጩ ላይ ነው ያለው። ሰባ ዓመት ግድም የሆነው ሰው እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይማርም፤ ድሮም ይችለው ነበር። በ1973ቱ የሆሊውድ ፊልምና በዚህኛው መካከል 41 ዓመት አለ። እነዚያ ዓመታት በሙሉ ይህ ፊት ነበረ፤ የሚቀርጸው ጠፍቶ ነበር እንጂ። ሲቀርጸውም የቀረጸው በሌላ አገር ገንዘብ የተሠራ፣ ስለ ሌላ አገር ስደተኞች የሚናገር ፊልም ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ቴአትር በባሕርዩ ኃላፊ ነው፤ ውበቱም ይኸው ነው» ብለው ይከራከሩኛል። በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን የለንደን ቴአትርም ኃላፊ ነው፤ የትዕይንቱ ማስታወሻ፣ የአዘጋጁ ደብተር፣ ፎቶግራፉ፣ የጋዜጣ ሒሱ፣ የልብሱ ንድፍ ግን ይቀመጣል። የእኛው ኃላፊነት ከቴአትር ባሕርይ ይልቅ ከመጋዘን እጥረት፣ ከተደጋገመ የመንግሥት ለውጥና ካሴትን ደጋግሞ ከመቅዳት ልማድ የመጣ ነው። በማግኔት ክር ላይ ያለ ድምፅ ደግሞ አይጠብቅም፤ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት በብረት ዱቄት የተለበጠው ገጽ ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፤ ሲያጫውቱትም ይረግፋል። ዛሬ በስልካችሁ የምትሰሙት የወጋየሁ ንባብ ስንተኛ ቅጂ እንደ ሆነ ልብ ብላችሁ አዳምጡት፤ በአንዳንድ ቅጂዎች ፍጥነቱ ተዛብቶ ድምፁ ቀጥኗል፤ ከላይ ስለ ዕረፍቶቹ የተናገርሁት ሁሉ በእንዲህ ያለው ቅጂ አይሰማም።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። በቢቸና፣ በደጀን፣ በሉማሜ፣ በአማኑኤል፣ በዲማና በማንኩሳ ያንን ንባብ በሬዲዮ የሰሙ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ታናናሾቹ እንኳ ወደ ሽምግልና እየተጠጉ ነው። በማን ቤት ሰሙት? ከማን ጋር? ጉዱ ካሣን ማን ደገፈ? መጨረሻው ሲደርስ ምን ተባለ? ማንበብ የማይችል ሕዝብ ስለ ራሱ የተጻፈውን ልቦለድ እንዴት እንደ ተቀበለ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ መቅረጫውም በኪሳችሁ ነው ያለው። ስትሄዱ ግን መጽሐፉን አትያዙ። መጽሐፉን ካዩ ሰዎቹ የተማረ ሰው መልስ ሊሰጧችሁ ይሞክራሉ። ቅጂውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥቂት አሰሟቸው፤ ከዚያ ዝም በሉ።

አሁን ከተሻለው ቅጂ ሰባት ደቂቃ ያህል እናዳምጣለን፤ ጉዱ ካሣ የሚናገርበት ክፍል ነው። ከኋላ ያላችሁ የማይሰማችሁ ከሆነ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ጥያቄዎቻችሁን ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።